አሥረኛው ኩርባ

ባለፈው ቅዳሜ ኒንጃ 400 ሞተር ብስክሌቴን ጭኜ ከዲሲ ወደ ሰሚት ፖይንት ሄድኩ። ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ያለ የውድድር ሜዳ ነው፤ ስሄድ አራተኛ ጊዜዬ ነው። ዋናው መም 2 ማይል ይረዝማል፤ 10 ኩርባዎች አሉት። እንቅልፍ የነሳኝ የመጨረሻው ነው። ወደ ቀኝ የሚዞር ፈጣን ኩርባ ነው፤ እሱ ሲያልቅ 2,900 ጫማ ቀጥታ ይከፈታል። ከዚያ ኩርባ በዝግታ የወጣ ሰው ዝግታውን ተሸክሞ ቀጥታውን ሙሉ ይሄዳል።

የኔ ችግር ችኮላ ነበር። የኩርባው መሀል ሳልደርስ ነዳጅ እሰጣለሁ፤ ሞተሩ ወደ ውጭ ይወጣብኛል፤ ሣሩ ሲቀርበኝ ደንግጬ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ። ያኔ ክብደቱ በአንዴ ፊት ጎማ ላይ ይወድቃል፣ የፊቱ ሞላ ይጨመቃል፣ ሞተሩ ይናጣል። ደግሞ እከፍታለሁ፤ ደግሞ እዘጋለሁ።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሞተር ያስተማረኝ ወንድም ጋሼ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሐረጎ ላይ። «መንገዱ ካልታየሽ ዝጊ!» ይለኝ ነበር። ልክ ነበር። እዚያ ከኩርባው ጀርባ የጭነት መኪና ይመጣል። መም ላይ ግን ከፊት የሚመጣ የለም፤ እጄ ይህን አላወቀም።

አሰልጣኙ ሁለት ዙር ከኋላዬ ተከተለኝና «አሥረኛው ላይ ነዳጅ ስንት ጊዜ ከፈትሽ?» አለኝ። አልቆጠርኩም። «አራት» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን 20 ደቂቃ በአንድ ማርሽ ብቻ፣ ያለ ፍሬን እንድነዳ አዘዘኝ። ፍጥነትን የሚመጥን ሌላ ነገር ሲጠፋ ቀኝ እጅ ቶሎ ይማራል።

አያያዜንም አስተካከለው። የነዳጁን እጀታ በሙሉ መዳፌ ጨብጬ ክርኔን አነሳ ነበር። አሁን እንደ ካቻቢቴ ሰያፍ አድርጌ እይዛለሁ፤ ክርኔ ይወርዳል፣ የእጅ አንጓዬ ይፈታል። ሰውነቴን የሚይዘው የነዳጅ ጋኑን የተጫነው የግራ ጉልበቴ ነው እንጂ እጄ አይደለም። በመሪ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነዳጅ በስሱ ሊሰጥ አይችልም።

የገባኝ ትልቁ ነገር ግን መታገስ ነው። ሞተሩ እንደተጋደመ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ የሚዞርበት ክብ በ19 በመቶ ገደማ ይጠባል። ስለዚህ ትንሽ መዘግየት ራሱ ያዞራል። ጎማም ለመዞር ብዙ ጉልበቱን ከሰጠ ለመጣደፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ነዳጁ የሚጨመረው ሞተሩ ቀና ባለ ልክ ነው። ዓይኔ የኩርባውን መውጫ ሳያይ እጄ አይከፍትም፤ አንዴ ከከፈተ ደግሞ አይዘጋም።

በመጨረሻው ዙር አሥረኛውን አንዴ ብቻ ከፍቼ ወጣሁ። በግራዬ አንድ ሜትር ያህል አስፋልት ተርፎኝ ነበር። ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ! ማታ ለወንድም ጋሼ ደውዬ ነገርኩት፤ የጠየቀኝ ስለ ጎማው ነው።

በሚቀጥለው ወር አንደኛውን ኩርባ እይዛለሁ። ከቀጥታው መጨረሻ በኃይል ፍሬን ይዤ፣ እያጋደልኩ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ መልቀቅ ገና አልለመድኩም።