የግፊት መድኃኒት እየወሰድኩ ሽፈራው እንዴት እንደምጠጣ

ግፊት እንዳለብኝ የሰማ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው። "ሽፈራው ጠጣ፣ ኪኒኑን ተወው።" የመጀመሪያውን ምክር ተቀበልኩ። ሁለተኛውን አልተቀበልኩም።

ቅጠሉን ከመግዛቴ በፊት ፒያሳ መድኃኒቴን ወደምገዛበት ፋርማሲ ጎራ አልኩ። አምሎዲፒን ነው የምወስደው። "ከሽፈራው ጋር ይስማማል?" ብዬ ፋርማሲስቷን ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ ቅጠሉም ግፊት ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በጣም ሊያወርድብዎት ይችላል። ሲነሱ ካዞረዎት ይለኩ" አለችኝ። ስኳር ላለባቸው ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ላይ ቅጠሉ ሲጨመር ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ማለትና መንቀጥቀጥ ምልክቱ ነው።

"ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?" ሲባል እናደዳለሁ። ግፊት ማውረድ የሚችል ነገር፣ አብዝቶም ሊያወርድ ይችላል።

ቅጠሉን የምገዛው ከመርካቶ ነው። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀውን እመርጣለሁ፤ የሻገተ ከሸተተኝ አልፈዋለሁ። ውኃው ሲፈላ ከእሳት አወርድና አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሬ እከድነዋለሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ስኳር የለም፣ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ። በቀን አንድ ስኒ፣ ከቁርስ በኋላ።

ግፊቴን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አረፍ ብዬ ተቀምጬ እለካለሁ። ደብተር ላይም እጽፋለሁ። ሐኪሜ ከሁሉ በላይ የወደደው ይህንን ደብተር ነው። ቁጥሩ ረገብ ብሏል። ግን በዚያው ሰሞን ጨው ቀንሻለሁ፤ ከፒያሳ አራት ኪሎም በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ። ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለሽፈራው አልሰጥም። ብዙዎቹ ጥናቶች የተሠሩትም በህንዱ ዝርያ፣ በኦሊፌራ ላይ ነው። የኛው የደቡቡ ስቴኖፔታላ ይባላል።

ደግሞ ስለ ሽፈራው ቫይታሚን ብዙ ይወራል። ቫይታሚን ኤ የሚገኘው ቅጠሉ ሲበላ ነው፤ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ከእህል ዱቄት ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበሉታል። እኔም አሁን ዱቄቱን ሽሮ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን ይህንንም ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ይሻላል፤ አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል።

በቅርቡ ነፍሰ ጡር የሆነች ጎረቤቴ እንዳፈላላት ጠየቀችኝ። እምቢ አልኳት። በተለይ ሥሩና ቅርፊቱ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል። "ለክትትል ስትሄጂ ጠይቂያቸው" ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት።