«ግራዎን ይዘው ይጓዙ» ብቻውን ለምን አይበቃም

የትራፊክ ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ሕግ ይሆናል፤ እግረኛው ጆሮ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ደንብ ቁጥር 208/2003 በ2009 በደንብ ቁጥር 395 ሲሻሻል፣ ትክክለኛውን ለማወቅ የፈለገ አሽከርካሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ የቱ አንቀጽ እንደተተካ መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ ደንብን ለሕዝብ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ዋናውንና ማሻሻያውን ያዋህድ። ካልተዋሃደ ጽሑፍ የተቀዳ በራሪ ወረቀት የተሻረ ቅጣት ያስተምራል።

ቀጣዩ ሥራ ቃል ማቅለል ብቻ ይመስላል። አይደለም። የእግረኛውን ሕግ እንይ፦ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራን ይዞ መሄድ። ቃሉ ከዚህ በላይ አይቀልም፤ ሕፃን ልጅም ይሸመድደዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ግራውን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው «የእግረኛ ዳር ይሄ ነው» ብሎ ማታም በዚያው ዳር ይመለሳል። ሲመለስ ግን ያ ዳር ቀኙ ሆኗል፤ መኪናው የሚመጣው ከጀርባው ነው። ምክንያቱ ቢነገረው ኖሮ ባልተሳሳተ። እኛ አገር መኪና የሚነዳው ቀኝ ተይዞ ስለሆነ፣ ግራውን የያዘ እግረኛ በአጠገቡ የሚያልፈውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። እናም በራሪው ላይ «መኪናው ፊት ለፊትዎ ይምጣ፤ ሲመለሱ ዳር ይቀይሩ» ተብሎ ይጻፍ። ሥዕሉም ሁለት ይሁን፣ የመሄጃና የመመለሻ። ለማታ ተጓዥ አንድ መስመር ይጨመር፦ ነጭ ነጠላ ከጥቁር ጃኬት ላይ ሲደረብ ሾፌሩ ቀድሞ ያያል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» ለእግረኛ ምንም አይነግረውም። በሜትር ይነገረው፦ መኪናው በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 25 ሜትር ሄዷል፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን እስኪቆም ደግሞ ሌላ 20 ሜትር። ድምሩ 45 ሜትር፣ ዘጠኝ ሚኒባስ ተከታትለው ሲቆሙ የሚይዙት ርዝመት ነው። በ30 ቢነዳ 18 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ አራት ሚኒባስ እንኳ አይሞላም። ዜብራ ላይ ለቆመ ሰው የሚገባው ይህ ነው። ዝናብ ሲጥልና ጎማ ሲያልቅ ርቀቱ እንደሚጨምርም አብሮ ይነገር።

መናኸሪያ ላይ የሚለጠፈው ከ10 ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ የፊደሉ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። «ቀ»ን ከ«ቅ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ማንበብ ለማይችለው ሬዲዮ አለ፣ በሚናገርበት ቋንቋ።

ከመታተሙ በፊት ለአምስት ስድስት ሰው ይነበብ፦ ለባጃጅ ሾፌር፣ ለታክሲ ረዳት፣ ለከብት ነጂ፣ ለተማሪ። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ጠያቂውን ላለማሳፈር «አዎ፣ ገብቶናል» ይላል። ይልቅ መንገድ ዳር ወስዶ «ከዚህ እስከ ትምህርት ቤቱ በየት በኩል ትሄዳለህ? ስትመለስስ?» ማለት ነው። ሁለት ሰው እንኳ «በዚያው ዳር» ካለ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ ማተሚያ ቤት አይግባ።