ጤፍ በኖቬምበር አይዘራም

ሰሞኑን ብዙ ያለፋኝ ነገር ስለተሳካልኝ ላካፍላችሁ ብዬ ነው። የአግሮኖሚ ተመራማሪ ነኝ፤ አሁን በራሴ እየተማርኩ ወደ ዳታ ሳይንስ እየገባሁ ነው።

ስለ ጅማሬው ብዙ የምለው የለኝም። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓንዳስ (በፓይተን ሠንጠረዥ ማንበቢያና ማስተካከያ መሣሪያ)፣ ትንሽ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ)። ስታቲስቲክሱ ከምርምር ጋር አብሮኝ ስለመጣ አልከበደኝም። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን የታይታኒክ መርከብ ተሳፋሪዎች ዳታም ሠርቻለሁ፤ 891 መስመር ነው፣ ያን ያህል አያስቸግርም።

ያስቸገረኝ የአገር ቤት ዳታ ነው። ጤፍ የተዘራበት ቀን የተመዘገበበትን ኤክሴል ከቺርፕስ የዝናብ መረጃ ጋር ማገናኘት ፈልጌ ነበር። ቺርፕስ ከሳተላይትና ከጣቢያ ልኬት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ መረጃ ነው። ኤክሴሉ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። 2012-11-15 ሲል ሐምሌ 15 ማለቱ ነው፣ በፈረንጅ ጁላይ 22፣ 2020። ፓንዳስ ግን ኖቬምበር 15፣ 2012 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። አንድም ማስጠንቀቂያ የለም! የሚጮኸው ጳጉሜን ሲያጋጥመው ነው፣ 13ኛ ወር አያውቅማ፤ ወይም ጥቅምት 30 ሲመጣበት፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ። ያኔ ብዙ ኮርስ ላይ እንደሚታየው «ያልተነበበውን ባዶ አድርገው» ካላችሁት ጩኸቱ ይቆማል፣ የተሳሳተው ሁሉ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

እኔ የያዝኩት ግራፉን ሳይ ነው። ጤፉ በደረቅ ወር ተዘርቷል። ይህን ኮድ አይነግራችሁም፤ ማሳ ላይ የቆመ ሰው ግን ወዲያው ያየዋል። ስለዚህ «የድሮ ሙያህን እርሳውና ከዜሮ ጀምር» ከሚሉት ጋር አልስማማም።

መፍትሔው ይኸው። ቀኑን መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አንብቡትና ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ለዩት። ከዚያ የጁሊያን ቀን ቁጥር (ቀኖችን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር) አስሉ፦ 1724221 + 365×(ዓመት−1) + ዓመት÷4 (ቀሪው ይጣል) + 30×(ወር−1) + ቀን − 1። ለሐምሌ 15፣ 2012 ብትሞክሩት 2459053 ይመጣል። ፓንዳስ መነሻው «ጁሊያን» ነው ካላችሁት ይህን ቁጥር ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀን ይመልሰዋል፤ ሰዓቱን እኩለ ቀን አድርጎ ስለሚያመጣው እሱን ቁረጡት። ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መደመር ብቻ አይበቃም፣ መስከረም 1 ራሱ አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል።

ሌላ አጥብቄ የምለው፦ የእርሻ ዳታ ላይ ሞዴሉን (ከዳታ ተምሮ የሚተነብየውን ፕሮግራም) መፈተኛ የሚሆነውን ክፍል በዘፈቀደ አትቁረጡ። የአንድ ዓመት ዝናብ ጎረቤት ማሳዎችን ሁሉ ስለሚነካ ሞዴሉ መልሱን ቀድሞ አይቶት ይፈተናል። አንድ ሙሉ ዓመት ለይታችሁ አስቀምጡ። ሰርተፊኬት መሰብሰብም ብዙ ጥቅም አይታየኝም፣ አንድ የራሳችሁን ዳታ ከጥግ እስከ ጥግ ሥሩ።

ዲፕ ለርኒንግ (ብዙ ንብርብር ባላቸው የነርቭ መረቦች ማሠልጠን) ገና አልነካሁም፣ ጊትም (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) እየተለማመድኩ ነው፤ እነሱ ላይ ምክር ከሌላ ሰው ውሰዱ። አሁን የተያዝኩት በወረዳ ስሞች ነው። አንዱ ወረዳ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ስለሚመጣ፣ ስሙን ትቼ በወረዳ ኮድ ለማገናኘት እየሞከርኩ ነው።