አልማዝ ባለጭራና የዓይን ግፊት

አክስቴ ግንባሯ ላይ አልማዝ ባለጭራ በወጣባት ጊዜ የዓይን ሐኪሙ ከዓይኗ በፊት የተመለከቱት የአፍንጫዋን ጫፍ ነበር፤ ሽፍታው እዚያ ከደረሰ ዓይንም የመነካቱ ዕድል ከፍ ይላልና። በሽታውን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ሲሆን፣ ለዓመታት በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ቫይረሱ የዓይንን የፊት ክፍል ሲያስቆጣ፣ በዓይን ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ ተጣርቶ የሚወጣበት ወንፊት መሰል ክፍል ራሱ ስለሚያብጥና በብግነቱ ሕዋሳት ስለሚደፈን፣ በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ሌሎች የዓይን ብግነቶች ብዙ ጊዜ ግፊቱን ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ በአንድ ዓይን ላይ ብግነትና ከፍተኛ ግፊት አብረው ሲታዩ ሐኪሞች የሄርፒስ ቫይረሶችን (አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ከእነሱ አንዱ ነው) ወይም የእነሱ ዘመድ የሆነውን ሳይቶሜጋሎቫይረስን ይጠረጥራሉ። ግፊቱ ሳይገታ ከቆየ የዕይታ ነርቭን ይጎዳል፤ ያ ግላኮማ ነው፤ የጠፋው ዕይታም አይመለስም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው፣ ብግነት የሚያበርደው የስቴሮይድ ጠብታ ነው። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፤ ይሁንና ራሱ ግፊት ሊጨምር፣ ብሌን ላይ ያለ ሄርፒስንም ሊያባብስ ይችላል። ለአክስቴም ጠብታው የታዘዘላት ቫይረሱን ከሚገታው አሲክሎቪር ከተባለ መድኃኒት ጋር፣ ግፊቷ በየቀጠሮው እየተለካ ነበር።