የሽንኩርት ሴል ያልኩት አቧራ

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የጀመርኩት በጉራ ነው። ሌንስ የሌለው ማይክሮስኮፕ እሠራለሁ ብዬ ለጓደኛ ሁሉ አውርቻለሁ።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር በ1948 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሆሎግራፊ ነው፤ ያኔ ሌዘር እንኳን አልነበረም። ካሜራው የሚይዘው የዕቃውን መልክ አይደለም። ዕቃውን ነክቶ የተበተነው ብርሃን ሳይነካ ካለፈው ጋር ሲደራረብ የሚወጣውን የመስመር ጥልፍልፍ ነው። ምስሉን ከዚያ ፈልቅቆ የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው።

መጀመሪያ የሌዘሩን ጨረር ለሁለት ከፍዬ በሁለት መስታወት ሞከርኩ። አንዱ መስታወት በ325 ናኖሜትር ከተነቃነቀ የደማቁ መስመር ቦታ በአንድ ሙሉ መስመር ይሸሻል። ይህ የፀጉር ውፍረት ለሁለት መቶ ቢከፈል አንዱን ክፍል ያህላል። እኔ ደግሞ የምሠራው አራት ኪሎ፣ መንገድ ዳር። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር መስመሮቹ እስክስታ ይወርዳሉ። ከጎሚስታ አሮጌ ካላማዳሪያ ለምኜ፣ ለዘብ አድርጌ አስነፍቼ፣ ከላዩ የእብነ በረድ ቁራጭ ጫንኩ። ማታ ማታ ሠራ። ቀን ግን ወይ ፍንክች። ሁለት ወር በዚህ አለቀ።

አማካሪዬ መጥተው አዩና «መስታወቱን ተወው፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ደርድር» አሉኝ። ሁለቱም ብርሃኖች በአንድ መንገድ ከሄዱ ንዝረቱ የሚነካቸው እኩል ነው። ከመርካቶ 650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ገዛሁ። ፒያሳ ከአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ አሮጌ ዌብካም አግኝቼ ሌንሱን ፈታሁ። የሌዘሩ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ፎይል በመርፌ ወጋሁ። የጫማ ካርቶን ውስጡን ጥቁር ቀባሁ። አለቀ።

የሽንኩርት ስስ ሽፋን አስቀምጬ አነሳሁ። ክብ ክብ ነገር ስክሪኑን ሞላው። ሴል! ዘልዬ ተነሳሁ፤ ለአማካሪዬም ደወልኩ። መጡ፣ ዝም ብለው አዩ።

«ሽንኩርቱን አውጣና ድገመው።»

አወጣሁ። አነሳሁ። ክቦቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ የተቀመጠ አቧራ ነበር። የሽንኩርት ሴል እኮ እንደ ጡብ የተደረደረ፣ ረዘም ያለ ነው። ይሄን ሃይስኩል ተምሬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ባዶውን ሳላነሳ ምንም አላነሳሁም። የዕቃውን ፎቶ በባዶው ፎቶ ሳካፍለው አቧራው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዌብካሙ ለካ በራሱ ፈቃድ ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ፎቶዎች እኩል አልነበሩም። ኤክስፖዠሩን ቆለፍኩት። በጄፔግ ማስቀመጥም ተውኩ፤ ሲጨምቅ ቀጫጭኑን መስመር ይበላል። ደግሞም ቀይ ብርሃንን በደንብ የሚያየው ከአራት ፒክስል አንዱ ስለሆነ፣ ቀዩን ብቻ ለይቼ ወሰድኩ።

ሽንኩርቱንም ተውኩት። በዚህ አሠራር አብዛኛው ብርሃን ሳይነካ ማለፍ አለበት፤ ሽንኩርቱ ሁሉንም ይሸፍናል። በምትኩ የራሴን ፀጉር አስቀመጥኩ። ልኩን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ስለሚቻል ነው። ፀጉሩን ሌዘሩ ፊት ለጥፌ ሁለት ሜትር ርቆ ካለው ግድግዳ ላይ የጨለማ ቦታዎቹን ለካሁ። በመካከላቸው 1.8 ሳንቲሜትር ነበር። ሲሰላ ውፍረቱ 72 ማይክሮሜትር ይመጣል። በሆሎግራሙ 76 ወጣ። ለጫማ ካርቶን አይከፋም።

ቀጥሎ የዝንብ ክንፍ። ዝንቡን ያገኘሁት ቡና የምጠጣበት ቤት ነው፤ ባለቤቷ እስካሁን ትስቅብኛለች። ምስሉን የሚያወጣው ኮድ ላይ ከክንፉ እስከ ሴንሰሩ ያለውን ርቀት 5 ሚሊሜትር ስለው ሁሉም ጭጋግ ነው። 7 ስለው የሆነ ጠርዝ መጣ። 8 ስለው በክንፉ ዳር ያሉት ፀጉሮች አንድ በአንድ ቆሙ። ካርቶኑን ከፍቼ በማስመሪያ ለካሁ። 8 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

እያንዳንዱ ምስል ዙሪያ ግን ደብዛዛ መንታ ምስል አለ። ጋቦርንም ያስቸገረው ይኸው ነበር። ሌይትና ኡፓትኒክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. መንታውን ከምስሉ የለዩት አንዱን ጨረር አጋድለው በማስገባት ነው። ማለትም እኔ ጥዬው በመጣሁት የሁለት ጨረር መንገድ። አሁን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መስታወቶቹን ወስዶ ጀምሯል። ካላማዳሪያውንም ሰጥቼዋለሁ። ማታ ማታ ሥራ ብዬዋለሁ።