መርፌ ቁልፍ ስፈልግ

ከትናንት ማታ ጀምሮ የሆነ ስሜት ይዞኛል። ድብርት አልለውም፣ ደስታም አይደለም፣ በቃ ዝናብ ሊጥል ሲል ሰማዩ ዝም የሚለው ዓይነት ነገር። ለነገ የምለብሰው ሱሪ ዚፑ ስለተበላሸ (ነገ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፣ አታስወሩኝ) መርፌ ቁልፍ ልፈልግ ብዬ ያንን መሳቢያ ከፈትኩት። እዚህ ቤት ውስጥ ከ200 በላይ ፒን አለ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ሱሪ የሚይዝ ግን አንድ እንኳ የለም።

ሁሉም የዲዝኒ ፒን ነው፣ ሰው ልብሱ ላይ የሚሰካው፣ የሚሰበስበው ጌጥ። ሚኪ ኮፍያ አድርጎ፣ ሚኪ ያለ ኮፍያ፣ የሚኪ ኮፍያ ብቻውን። ከጀርባ የሚሰካው ጎማ ራሱ የሚኪ ጭንቅላት ነው። መሳቢያውን ልዘጋ ስል አንዷ ጣቴን ወጋችኝ፣ አውጥቼ ሳያት የሆራይዘንስ ፒን ናት፣ እና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዛ በኋላ ስለ ሱሪው ያሰብኩ አይመስለኝም።

ሆራይዘንስ ማለት ፍሎሪዳ፣ ኤፕኮት የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ የነበረ ራይድ ነው፣ ተሳፍረህ የምትዝናናበት። በ1983 ኦክቶበር 1 ተከፈተ፣ በ1999 ጃንዋሪ 9 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)፣ በ2000 ሕንፃውን አፈረሱት፣ ቦታው ላይ ሚሽን ስፔስ የሚባለው ሌላ ራይድ መጣ። የሚያሯሩጥ ነገር አልነበረውም። ቁጭ ብለህ በዝግታ ወደ ጎን እየተንሸራተትክ ሰው ወደፊት እንዴት እንደሚኖር ያሳዩሃል፣ በረሃ ላይ፣ ባሕር ውስጥ፣ ጠፈር ላይ። በረሃው እርሻ ጋ ስትደርስ የብርቱካን ሽታ ይለቀቅልሃል። ብርቱካን! መጨረሻው ላይ ደሞ ከሦስቱ በየትኛው በኩል እንደምትመለስ በተን ተጭነህ ትመርጣለህ። እኔ ብሆን በረሃውን ነው የምመርጠው፣ ሁሌም በረሃውን።

አነጋገሬን አያችሁልኝ? «ሁሌም»። አንዴም አልተሳፈርኩበትም እኮ። ሲዘጋ ሕፃን ነበርኩ፣ ፍሎሪዳ የሰው ስም ይሁን የቦታ አላውቅም። ያለኝ ነገር ሰዎች በዛ ዘመን በትልልቅ ካሜራ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው የቀረፁት የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ነው፣ ጨለማ፣ የሆነ ሕፃን ከኋላ የሚያስል። ሳሉ የት የት ቦታ ላይ እንደሚመጣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዛ ውጪ አንድ ኩባያ አለኝ፣ አንድ የድሮ የፓርክ ካርታ አለኝ፣ የዛን ብርቱካን ሽታ የሚመስል ሻማ ገዝቼም አውቃለሁ፣ እና ሻማውን ስለኩስ ዓይኔ እንባ ያቀራል። አሽትቼው የማላውቀውን ሽታ አስታውሼ!

ትዝታ እንዳልለው ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። ናፍቆት ልበለው ይሆን፣ ናፍቆት እንኳ ላላዩትም ይሆናል መሰለኝ፣ ያልተወለደ ልጅ ይናፈቅ የለ። ብቻ የሚገርመኝ ራይዱ የነበረው ስለ ወደፊት ነው። የዛን ጊዜ ሰው ወደፊትን ይናፍቅበት ነበር፣ እኔ ደሞ ዞሬ የእነሱን ናፍቆት እናፍቃለሁ። የሰው ናፍቆት ተበድሬ ወለድ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው፣ ያውም በዶላር።

ፒኗን ገልብጬ ሳያት ሌላ ነገር መጣብኝ። ፓርኮቹ ውስጥ ፒን መቀያየር የሚባለው ነገር የተጀመረው ለሚሌኒየሙ በዓል ነው፣ በ1999 ኦክቶበር። ራይዱ የሞተው በዛው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። ማለቴ እኔ እጅ ላይ ያለችው ፒን የተሠራችው ሆራይዘንስ ከሞተ በኋላ ነው። አፍርሰውት ሲያበቁ ፎቶውን ኢናሜል ላይ አትመው ሸጡልኝ፣ እኔም እያመሰገንኩ ገዛሁ። ይሄን ነገር ደሞ ይችሉበታል። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ሌላው የዲዝኒ ፓርክ የነበረውን የእንቁራሪቱን ራይድ፣ ሚስተር ቶድን አስታውሱ፣ ዘግተን ዊኒ ዘ ፑህ እናስገባለን ሲሉ ፋኖች አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው ሰልፍ ወጡ፣ ለእንቁራሪት እኮ ነው፣ ግን በ1998 ሴፕቴምበር 7 ተዘጋ። ከዛስ? ሆንትድ ማንሽን የሚባለው የመናፍስት ቤት ራይድ መውጫው ጋ ባለው የቤት እንስሳት መቃብር መሃል የሚስተር ቶድን ሐውልት አቆሙለት። ገድለው ቀበሩት፣ ለቅሶ የሚደርሰው ደሞ ትኬት ቆርጦ ይግባ። የሰልፉን ቲሸርት አንድ ሰሞን በጣም ፈልጌው ነበር፣ ባለመግዛቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። (ሳይዜን አጥቼ ነው።)

ይሄን ስል የምስቅ እንዳይመስላችሁ፣ ስቄም ቢሆን ቀጥሎ እከፍላለሁ። አንዴ 50 ፒን በጅምላ ከኢንተርኔት ገዛሁ፣ በጣም ርካሽ፣ ሲመጣ ከግማሽ በላዩ ፎርጅድ። ስክራፐር ይሏቸዋል። ቀለሙ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ እጅ የሚቧጭር፣ ጀርባው ላይ ያለው የሚኪ ጥለት ጠርዝ ሳይደርስ የሚቋረጥ። አንዱ ላይ የሚኪ አንድ ዓይን ወደ ጆሮው ሄዷል። አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ማንም ስለማይቀይረኝ አብሮኝ ይኖራል።

የምኮራባቸው የተዳመጡት ሳንቲሞች ናቸው። በፊት ፓርኩ ውስጥ ያለው ማሽን ውስጥ ሁለት ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲሙ) እና አንዲት ፔኒ (ባለ 1 ሳንቲሟ) ትከት ነበር፣ እጀታውን ታዞራለህ፣ ፔኒዋ ሞልሞል ብላ ሥዕል ታትሞባት ትወጣለች፣ ሞቅ እንዳለች። 51 ሳንቲም ነበር፣ ከዛ ፓርክ ውስጥ ኪስ የማይጎዳ ብቸኛው ነገር። ግን ፔኒዋን መምረጥ አለብህ፣ ከ1982 በፊት የተሠራችዋ መዳብ ስለሆነች ቆንጆ አድርጋ ትወጣለች፣ ከዛ ወዲህ ያሉት ውስጣቸው ዚንክ ሆኖ ላያቸው ብቻ መዳብ የተቀባ ስለሆነ ሲዳመጡ ነጭ ነጭ መስመር ያወጣሉ፣ እንደ ሽበት። ስለዚህ የድሮ ፔኒ በክር ከረጢት ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። አለ ስል እኔ ነኝ። አሁን ደሞ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 ኖቬምበር ላይ ለመገበያያ የሚሆን ፔኒ ማተም አቁሟል፣ ማሽኖቹም በካርድ እየተከፈለ ራሳቸው ሳንቲሙን የሚያቀርቡ እየሆኑ ነው። ዜናውን የሰማሁ ቀን ከረጢቷን ደረቴ ላይ አስጠግቼ እንደያዝኳት ለማንም አልተናገርኩም፣ ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ።

እና እንግዲህ ይሄን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ሳየው አንድ ነገር ገባኝና ደነገጥኩ። ካልተሳፈርኩበት ራይድ ኩባያ፣ ካርታ፣ ፒን፣ ሻማ አለኝ። በእግሬ ገብቼ፣ በሰልፍ ደክሜ፣ ልቤ አፌ ጋ ደርሶ ከተሳፈርኩበት ከስፕላሽ ማውንቴን፣ ከዛ ተራራ ከሚመስለው የውሃ ራይድ ግን ምንም የለኝም። ባዶ።

በ2017 ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜያችን፣ ከታናሼ ጋር። ያን ቀን ሙቀቱ የሚያሳብድ ነበር። ግንድ የሚመስል ጀልባ ውስጥ ትገባለህ፣ ሲዘፍኑ ሲጨፍሩ እያየህ ትዝናናለህ፣ ከዛ ከ15 ሜትር በላይ ወደ ታች ትለቀቃለህ፣ ልክ ስትለቀቅ ካሜራው ቀጭ። ስትወጣ ፊትህ ስክሪን ላይ ከሌሎች ፊቶች ጋር ተደርድሮ ይጠብቅሃል። ታናሼ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አፏን ከፍታ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ሞተ ሰው። የፎቶውን ዋጋ አየሁና «በሚቀጥለው ስንመጣ» አልኩ። ተራራ የት ይሄዳል ብዬ።

ተራራው በ2023 ጃንዋሪ ሄደ። የተሠራበት የ1946ቱ የዲዝኒ ፊልም (ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ) ጥቁሮችን የሳለበት መንገድ ስለሚያሳፍር ነው፣ ኩባንያው ራሱ ፊልሙን እዚህ አሜሪካ በካሴትም በዲቪዲም አውጥቶት አያውቅም፣ ግን ዘፈኖቹን እያዘፈነ 30 ዓመት ሰው አሳፈረበት። አሁን የቲያና ሆኗል፣ ጥቁሯ ልዕልት፣ በ2024 ተከፈተ። ትክክል ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ እኔ ጥቁር ሰው ነኝ፣ መሆን የነበረበት ነገር ነው። ውሃው ያው ውሃ፣ መውደቂያው ያው መውደቂያ። ታዲያ ለምንድነው ሲዘጋ ሆዴን የቆረጠኝ? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል ይላሉ፣ እኔ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። የናፈቀኝ ራይዱ ውስጥ የነበረው ጥንቸል አይደለም፣ ቀበሮውም አይደለም። የናፈቀኝ ያ ጭምድድ የተደረገ ክንዴ ነው መሰለኝ።

የዛን ሰሞን ሰዎች የስፕላሽ ማውንቴንን ውሃ በጠርሙስ እየቀዱ ኢቤይ ላይ መሸጥ ጀመሩ። የምር ነው፣ ውሃ። እንዴት እንደሳቅኩባቸው ታስታውሳላችሁ፣ እዚሁ ጽፌ ነበር፣ «ሰው ጤና የለውም» ብዬ። ዛሬ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያንን ውሃ አሁንም የሚሸጥ ሰው አለ ወይ ብዬ ፈለግኩ። እስከ ስንት እንደምከፍል በልቤ አስቤ ነበር፣ ቁጥሩን አልነግራችሁም።

ኋላ ለታናሼ ጻፍኩላት፣ ምናልባት ያን ስክሪን በስልኳ አንስታው ከሆነ ብዬ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ መለሰች።

«የቱ ራይድ? ውሃ የነበረው? እኔ እኮ አልወጣሁም። ጫማዬ አዲስ ስለነበረ ቦርሳ ይዤ ውጪ ጠበቅኩህ። ረሳኸው እንዴ?»

ሁለቴ አነበብኩት። አፏን ከፍታ አይቻታለሁ እኮ! ስክሪኑ ላይ! ወይስ ማታ ማታ የማያቸው የሌሎች ሰዎች ፎቶዎች፣ ወንድሟን ጨምድዳ የያዘች የሆነች ልጅ... አይ። ደወልኩላት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት። እርግጠኛ ነኝ፣ ጫማው ራሱ አሁንም አለ አለች። ከዛ ትንሽ ዝም ብላ፣ «አንተስ ግን ወጥተህ ነበር? ልብስህ ረጥቦ አላስታውስም» አለችኝ።

ሱሪውን ለጊዜው በሆራይዘንሷ ፒን ይዤዋለሁ። ጎማዋ ሁለቴ ወድቋል። ነገ እንግዲህ ማን ቢመጣ ከወንበሬ አልነሳም።