«ዓ» የተጻፈባቸው ስላይዶች

ከ62ቱ የጡት ካንሰር ናሙናዎቼ 14ቱ ዝም አሉኝ። ሌሎቹ ላይ በማይክሮስኮፑ 40 እጥፍ ሌንስ ስገባ በየፊልዱ፣ ማለትም ሌንሱ በአንድ ጊዜ በሚያሳየኝ ክብ ውስጥ፣ የሚከፈል ሴል አያለሁ። አንዱ ክሮሞዞሞቹን መሃል ላይ ደርድሯል። አንዱ ወደ ሁለት ጎትቷቸዋል። አንዱ ደግሞ ወደ ሦስት አቅጣጫ እየጎተተ ተበላሽቷል። 14ቱ ላይ ግን ዐሥር ፊልድ አልፌ አንድ ወይ ሁለት ባገኝ ነው።

ሥራዬ የጡት ካንሰር ስላይድ ላይ የተዛባ የሴል ክፍፍል መቁጠር ነበር። ጤነኛ ሴል ሲከፈል 46ቱን ክሮሞዞሞች ገልብጦ ለሁለቱ ልጆቹ እኩል ያካፍላል። ካንሰር ውስጥ ይሄ ማካፈል ይዛባል። አንድ ክሮሞዞም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወይም በሁለቱ ወገን መሃል እንደ ድልድይ ተወጥሮ ይታያል። በየክፍፍሉ ሲደጋገም የክሮሞዞም አለመረጋጋት እንለዋለን። ዳቪድ ፎን ሀንሰማን ይሄን ጉድ በማይክሮስኮፕ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፣ በርሊን። ቴዎዶር ቦቬሪ በ1914 «ካንሰር የሚነሳው ከክሮሞዞም መዛባት ነው» ብሎ ሲከራከር መነሻው የባሕር ጃርት እንቁላል ነበር። እኔም ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ያንኑ እቆጥራለሁ። መሣሪያዬም ያው ማይክሮስኮፕና ጠቅ ጠቅ የሚል መቁጠሪያ ነው። ይሄን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ።

14ቱን ሳገኝ በጣም ደስ አለኝ። «ረጋ ያሉ ዕጢዎች» አልኳቸው። ክሮሞዞማቸው የማይናወጥ የተለየ ዓይነት አገኘሁ ብዬ ፓወርፖይንት አዘጋጅቼ ለክፍሉ አቀረብኩ። አማካሪዬ «ይሄ ለብቻው አንድ የጥናት ወረቀት ይወጣዋል» አሉ። ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ከብሎኮቹ ተጨማሪ ላስቆርጥ ጋሼ ጋ ወረድኩ። ጋሼ የምላቸው ናሙናውን ተቀብለው፣ በፓራፊን ሰም ቀብረው ብሎክ ሠርተው፣ በማይክሮቶም መቁረጫ ስስ አድርገው ስላይድ የሚያወጡልን ቴክኒሻን ናቸው። ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«እነዚህን ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«አዲስ ነገር አገኘሁባቸው ጋሼ። ክፍፍላቸው በጣም ትንሽ ነው።»

«የዓርቦቹን?»

«የምን ዓርብ?»

ከሳጥኑ አንዱን ስላይድ መዘዙና ወደ መስኮቱ አነሱት። ጫፉ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ «ዓ» አለች። እኛ ቤት ስላይድ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ አልኮሉና ዛይሊኑ ያጥበዋል። ያቺን «ዓ» ለወራት አይቻታለሁ። የቁጥሩ አካል ትመስለኝ ነበር። ኤክሴሌ ላይ ሳይቀር ከቁጥሩ ጋር ገልብጫታለሁ።

«ዓርብ ከሰዓት ተቀዶ ሰኞ የመጣ ነው» አሉኝ። «ቅዳሜና እሁድን እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የሚያሳልፈው። ጡቱ ሙሉውን እንዳለ ነው። ፎርማሊኑም ሥሩን አርጥቦት እንደሆነ ነው።» ፎርማሊን ሥጋ እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ ነው።

«ፎርማሊን ውስጥ እስከገባ ድረስ ምን ይሆናል?»

ስላይዱን ወደ ቦታው መለሱት። ቀስ ብለው ነው የመለሱት።

«ልጄ፣ ሥጋ ሳይዘለዘል ቋንጣ ይሆናል?»

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ግን አውቀዋለሁ። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። የጡት ናሙና ከሰውነት በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ተሰንጥቆ መነከር አለበት። ይሄን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዕጢ ጋ ፎርማሊኑ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን አንድም ቀን አስልቼ አላውቅም። እስከዚያ መሃሉ መበላሸት ይጀምራል። ሲከፈል የነበረው ሴል ክሮሞዞሙ ተጣብቆ ይጨማደዳል፤ ከሚሞት ሴል መለየት ያቅታል። የሚያጠራጥር ደግሞ አይቆጠርም፤ ሕጉ ነው። «ረጋ ያለ ዕጢ» ያልኩት ሁለት ቀን የቆየ ሥጋ ነበር።

መዝገቡን አብረን አገላበጥን። ከ14ቱ 11ዱ ሰኞ የገቡ ናቸው። 11ዱም ላይ «ዓ» አለ።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ጽፌልሻለሁ እኮ። ለሁሉም እጽፋለሁ። ምንድን ናት ብሎ የመጣ የለም።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «አንቺስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

በቁጣ አልነበረም። ለዚያ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

ነገሩ የእኔ ወረቀት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የጡት ካንሰር ደረጃ የሚወጣው ሦስት ነገሮች ከ1 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቷቸው ሲደመሩ ነው። አንዱ የክፍፍሉ ብዛት ነው። 8 እና 9 ሦስተኛ፣ ክፉው ደረጃ ነው፤ 6 እና 7 ሁለተኛ። ክፍፍሉ ከ3 ወደ 2 ነጥብ ቢወርድ 8 የነበረው 7 ይሆናል። ሐኪሟ ሕክምናውን ስትወስን የምታየው ይሄን ደረጃ ነው። ጋሼ የ11ዱን ትርፍ ሥጋ ከማስቀመጫው አወጡ። ፎርማሊኑ ቀድሞ ከደረሰበት ከዳር ዳሩ ቆርጠው አዲስ ብሎክ ሠሩ። ፓቶሎጂስቱ፣ ስላይድ አንብቦ በሽታውን የሚለየው ሐኪም፣ እንደገና አነበባቸው። ሁለቱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወጡ፤ ሪፖርታቸውም ተስተካክሎ ሄደ። ሴቶቹን አላውቃቸውም። የስላይድ ቁጥራቸው ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ከዚያ በኋላ በየናሙናው ላይ የወጣበትና የደረሰበት ሰዓት እንዲጻፍ ተስማማን። ይሄም የራሱ ጣጣ ነበረው። «የወጣበት 4:30፣ የደረሰበት 11:00» የሚል መጣ። ሁለቱም በእኛ ሰዓት ከሆነ ስድስት ሰዓት ተኩል ቆይቷል። የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። ጋሼ ስልክ አንስተው ኦፕራሲዮን ክፍል ይደውላሉ። «በማን ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ከቁጥሩ ጎን «ሐ» ወይም «ፈ» ይጽፋሉ። የሐበሻ፣ የፈረንጅ። ማንም አላዘዛቸውም።

ወረቀቱ ሲያልቅ ስማቸው በምስጋናው ውስጥ እንዲገባ ጠየቅኩ። አማካሪዬ «ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ደሞዝ ይከፈላቸዋል» አሉ። እኔም ይከፈለኛል። እሳቸውም ይከፈላቸዋል። የዚያን ቀን ይሄን መናገር ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ። ወረቀቱ «ናሙናዎቹ የቆዩበት ሰዓት ተመዝግቧል» ይላል። ማን እንደመዘገበው አይልም።

የቀሩት 3 ዕጢዎች ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብተዋል። ሰኞ አልገቡም፣ «ዓ»ም የለባቸውም። ስለዚህ እነዚህ በእርግጥ የረጉ ናቸው ብለን ጻፍን።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ለተማሪ ላሳይ ብዬ የድሮውን ሳጥን ከፈትኩ። ሦስቱን አወጣሁና እንደ ጋሼ ወደ መስኮቱ አነሳኋቸው። ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ፊደል አለች። «በ»። ሦስቱም ላይ አለች። ያኔ የፈለግኩት «ዓ»ን ብቻ ነበር።

ደወልኩላቸው። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ «በ»።

«በዓል» አሉ ወዲያው። «የጥምቀት ሰሞን ናቸው። በከተራ ተቀደው በሦስተኛው ቀን የመጡ። ምነው፣ አስገባሻቸው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ብሎኮቹ ታች ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አሉ» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወረድኩ።